ከብቱ አይታመምም

ማታ ላሞቹ ከግጦሽ ሲገቡ ልጆች መዥገር ይለቅማሉ። ሥራው የራሱ ጥበብ አለው። ከጆሮ ሥር፣ ከጡት ዙሪያ፣ ከጅራት በታች፣ ቆዳው በሚሳሳበት ቦታ ሁሉ ጣት ይሰደድና በደም ተነፍቶ ባቄላ ያከለው ይገኛል። አንዱ ለዶሮ ይወረወራል፣ አንዱ እሳት ውስጥ ይገባል፣ ሌላው በድንጋይ ወይም በጥፍር ይፈርጣል። ጣት ላይ የቀረው ደም ልብስ ላይ ተጠርጎ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ላሟ ደኅና ናት፤ ታመነዥካለች፣ ጥጃዋን ትልሳለች፣ ትታለባለች። ስለ እሷ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ይህ ምዕራፍ ጣት ላይ ስለቀረው ስለዚያ ደም ነው።

የደም መፍሰስ ትኩሳት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ኢቦላን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ጂንካ ላይ ከታየ ወዲህ ደግሞ ማርበርግን። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሁለቱም ስም ከዋሻ፣ ከጫካና ከሌሊት ወፍ ጋር ተያይዞ ይነሳል። በስፋት የሚበልጣቸው ግን ከበረትና ከግጦሽ መስክ የሚነሳው ነው፤ ስሙ የክራይሚያ-ኮንጎ ትኩሳት ይባላል። ከአፍሪካ እስከ ባልካን፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ምዕራብ ቻይና ድረስ ይገኛል። መዥገር ወደ ሰው ከሚያሻግራቸው ቫይረሶች መካከል ይህን ያህል ምድር የሚሸፍን ሌላ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያዙ 100 ሰዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ይሞታሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ስሙን የሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም እንደ ኢቦላ መንደር እያጠፋ አይሄድም። እዚህ አንድ እረኛ፣ እዚያ አንድ ሥጋ ሻጭ፣ ሌላ ቦታ አንዲት ነርስ እያለ ነው የሚወስደው።

ስሙ ሁለት አገር የተጠራበት ምክንያት አለው። በ1944 የጀርመን ጦር ከክራይሚያ ሲባረር መሬቱ ጦሙን አድሮ ነበር። አራሽ አልነበረም፣ አዳኝም አልነበረም፤ ስለዚህ ጥንቸሉ ያለ ልክ ተራባ፣ ከጥንቸሉ ጋር መዥገሩም። የሶቪየት ወታደሮች ገበሬውን በመከር ሊያግዙ ሜዳ ላይ ሲያድሩ 200 ያህል ሰው ታመመ። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከዚያ ከድድና ከአፍንጫ ደም፣ ቆዳ ላይ እባጭ የሌለው ሰፊ ጥቁር ምልክት። ሞስኮ የላከችው ሐኪም ሚኻይል ቹማኮቭ ነበር። ቹማኮቭ በ1937 በሌቭ ዚልበር የተመራውን የሩቅ ምሥራቅ ጉዞ ተካፍሎ፣ ሌላ መዥገር ወለድ ቫይረስ፣ አንጎልን የሚያጠቃው፣ ይዞት ከሞት ተርፏል። የቀኝ ክንዱ ከዚያ ወዲህ ሽባ ነበር፤ ጆሮውም ተጎድቶ ነበር። መዥገር ወለድ በሽታ ምን እንደሚያደርግ በገዛ አካሉ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው፤ እንደገና ወደ መዥገሩ ሄደ።

በሽታውን የሚያመጣው በማጣሪያ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑ ያኔ የተረጋገጠበት መንገድ ግን የሚዘገንን ነው። በዚያ ዘመን እንደ ሕክምና ተቆጥሮ ሆን ተብሎ ትኩሳት እንዲያድርባቸው ይደረጉ የነበሩ የአእምሮ ሕሙማን በዚያ ረቂቅ ነገር ተወጉ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግሁም። ዛሬ የምናውቀውን ነገር በማን ሥጋ ላይ እንደተማርነው መታወቅ አለበት።

ታሪኩ ከዚያም ያረጀ ሳይሆን አይቀርም። በ12ኛው መቶ ዘመን መባቻ ጁርጃኒ የተባለ የፋርስ ሐኪም ለኽዋሬዝም ንጉሥ በጻፈው የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ከሽንት፣ ከድድ፣ ከትውከትና ከአክታ ደም የሚወርድበትን ሕመም ገልጿል፤ ምክንያቱንም ከቅማል ወይም ከመዥገር የሚመሳሰል፣ በጥቁር ወፍ ላይ የሚኖር ትንሽ ነፍሳት ነው ብሏል። ወፏን ልብ በሉልኝ፤ እንመለስባታለን።

ወደ ሁለተኛው ስም ስንመጣ፣ በ1956 በቤልጂግ ኮንጎ፣ ዛሬ ኪሳንጋኒ በምትባለው ከተማ፣ ትኩሳት ከያዘው የ13 ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ቫይረስ ተገኘ። ኢንቴቤ፣ ኡጋንዳ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1967 «የኮንጎ ቫይረስ» ብለው ለዓለም አስተዋወቁት። በዚያው ዓመት የሶቪየት ሳይንቲስቶች የራሳቸውን ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ በጨቅላ አይጦች ላይ ማራባት ቻሉ፤ ከ20 ዓመታት በላይ እምቢ ብሏቸው ነበር። ዬል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የካታሎንያ ተወላጅ ጆርዲ ካሳልስ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ሲመረምር በ1969 አንድ ሆነው አገኛቸው። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል፣ ከሁለት ተቃራኒ ጎራ የመጡ ሁለት ብልቃጦች ውስጥ ያለው አንድ ቫይረስ ነበር። ካሳልስ በዚያው ዓመት ላብራቶሪው ውስጥ ሲያጠና በነበረው በላሳ ቫይረስ ተይዞ ከሞት አፋፍ ተመልሷል።

የዚህ ሰው ስም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እኛን በቀጥታ በሚመለከት ጽሑፍ ላይ እንደገና ብቅ ይላል። በ1978 የታተመ ጥናት ነው። ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ መዥገሮች ውስጥ አራት ቫይረሶች መገኘታቸውን ይናገራል፤ ቶጎቶ፣ ዱግቤ፣ ጆስ እና የክራይሚያ-ኮንጎ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የኢትዮጵያን አእዋፍ በማጥናት የሚታወቀው ጆን አሽ ነው። የአእዋፍ አጥኚ ከቫይረስ አጥኚ ጋር አንድ ጽሑፍ ላይ የሚገናኘው ወፍ መዥገር ስለምትሸከም ነው። እንግዲህ ቫይረሱ በአገራችን መዥገር ውስጥ እንዳለ ከ40 ዓመት በላይ ሲታወቅ ኖሯል። ይህ እውቀት ግን በሳይንስ መጽሔት ገጽ ላይ ቀረ እንጂ እስከ በረትና እስከ ጤና ጣቢያ አልዘለቀም፤ ይህን ምዕራፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው።

አሁን ወደ መዥገሩ እንሂድ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

አማርኛችን የማይላቀቅን ሰው «መዥገር» ይለዋል። ይህ ለአብዛኛው መዥገር የሚገባ ስም ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች የሣር ጫፍ ላይ ወጥተው፣ የፊት እግሮቻቸውን ዘርግተው፣ የሚያልፈውን እንስሳ ይጠብቃሉ፤ ካገኙ ይጣበቃሉ፣ ካጡ ይጠብቃሉ። የክራይሚያ-ኮንጎን ቫይረስ በዋናነት የሚሸከመው ሃያሎማ የሚባለው ወገን ግን አዳኝ ነው። እግሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ በየመገጣጠሚያቸው ነጭ ቀለበት አላቸው፣ ዓይንም አለው። አፈር ውስጥ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ተደብቆ ይቆይና የእንስሳ ወይም የሰው ኮቴ ሲሰማው ወጥቶ ይሮጣል፤ ብዙ ሜትር ድረስ ተከትሎ ይመጣል። ቆላና ደረቅ አገር ይወዳል። የዚህ ወገን የሆኑ ዝርያዎች በአርብቶ አደሩ ምድራችን ላይ በከብት፣ በግመልና በፍየል ላይ የሚገኙ ናቸው።

ሕይወቱ እንዲህ ነው። ሴቷ በደም ጠግባ ከከብቱ ላይ ትወድቅና በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ትሞታለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ ከብት ላይ አይወጣም፤ ጥንቸል ወይም መሬት ላይ የምትለቅም ወፍ ይፈልጋል። እዚያው ላይ ደም ይመጥጣል፣ እዚያው ላይ ቆዳውን ይቀይራል፣ እዚያው ላይ እንደገና ይመጥጣል፤ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሳይወርድ ይቆያል። ከዚያ ይወድቅና አድጎ ትልቅ እንስሳ ይጠብቃል። እንግዲህ ያቺ ወፍ በእነዚያ ሳምንታት የት ልትደርስ እንደምትችል አስቡት። የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ተከትላ ወደ ሰሜን የምትበር ወፍ በረሃና ባሕር ለማቋረጥ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅባትም። በ2018 ሞቃት ወራት ጀርመንና ስዊድን ውስጥ ሃያሎማ ሲገኝ፣ ያደረሷቸው በፀደይ ከደቡብ የመጡ ወፎች እንደሆኑ ነው የተደመደመው። ጁርጃኒ ስለ ጥቁሯ ወፍ የጻፈው ምን አይቶ ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ቫይረሱ በመዥገሩ ውስጥ እንደ ተሳፋሪ አይኖርም፤ ቤቱ ነው። እጩ አድጎ ሲቀየር አብሮት ይሻገራል። ከእናት ወደ እንቁላል ያልፋል። ወንዱ ከሴቷ ጋር ሲገናኝ ይተላለፋል። አንዴ የተያዘ መዥገር ዕድሜውን ሙሉ ተሸካሚ ነው፤ ራሱ ግን አይጎዳም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሌላው መንገድ ነው። ሁለት መዥገሮች፣ አንዱ ቫይረስ ያለበት ሌላው የሌለበት፣ በአንድ እንስሳ ቆዳ ላይ ጎን ለጎን ሲመገቡ ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው በቆዳው በኩል ይሻገራል፤ የእንስሳው ደም ውስጥ መራባት እንኳ ሳያስፈልገው። እንስሳው ድግሱ የተሰናዳበት ገበታ ብቻ ይሆናል።

ከብቱስ? ከብቱ አይታመምም። ቫይረሱ በላም፣ በበግ፣ በፍየል ደም ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይዘዋወራል፣ ከዚያ ሰውነቷ ያጠፋዋል። በዚያ ሳምንት ባለቤቷ የሚያየው አንዳች ነገር የለም። ወተቷ አይቀንስም፣ አትጨነግፍም፣ ግጦሽ አትተውም። ገበሬ አባ ሰንጋን የሚፈራው ከብቱን ሲጥልበት ስላየ ነው፤ ያን ሥጋ አትንኩ የሚባለው ከከብቱ ሞት የተማርነው ትምህርት ነው። የክራይሚያ-ኮንጎ እንዲህ ያለ አስጠንቃቂ የለውም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው ሌላው መዥገር ወለድ የደም መፍሰስ ትኩሳት ነው። በ1957 ደቡብ ሕንድ፣ ሺሞጋ አውራጃ ውስጥ፣ ክያሳኑር በሚባል ጫካ ዝንጀሮዎች መሞት ጀመሩ፤ ተከትሎም ጫካው ዳር የሚኖሩ ሰዎች ታመሙ። ፑና ከተማ የነበረው የቫይረስ ምርምር ማዕከል በመጀመሪያ የጠረጠረው ቢጫ ወባ እስያ ገባ ብሎ ነበር፤ የተገኘው ግን ከዚያ በፊት ያልታወቀ መዥገር ወለድ ቫይረስ ነው። እስከ ዛሬ በዚያ አካባቢ የሞተ ዝንጀሮ ሲገኝ የጤና ሠራተኞች ይጠራሉ፣ ሰዎችም ወደዚያ ጫካ ለእንጨት እንዳይገቡ ይነገራቸዋል። ጫካው በሬሳ ይናገራል። በረቱ ግን ዝም ይላል።

ዝምታው የሚሰበርበት አንድ መንገድ አለ፤ ደም። ቫይረሱ ከብቷን ባያሳምማትም ሰውነቷ የተዋጋበትን ምልክት ለረጅም ጊዜ ያስቀምጣል። ከመንጋ ላይ ጥቂት ደም ወስዶ ያን ምልክት መፈለግ የአንድን ወረዳ ታሪክ እንደ ማንበብ ነው። መዥገር ሰብስቦ መመርመርም እንዲሁ። ስፔን በ2010 ከአጋዘን ላይ በተለቀሙ መዥገሮች ውስጥ ቫይረሱን አገኘች፤ ሰው ግን አልታመመም ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነሐሴ፣ አቪላ አውራጃ ገጠር ውስጥ በእግሩ ሲንሸራሸር የነበረ አንድ ሰው ማድሪድ ውስጥ ሞተ፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሷም ተያዘች፣ እሷ ተረፈች። መዥገሩ ከስድስት ዓመት በፊት ተናግሮ ነበር።

ታዲያ ላሟ ያላወቀችው ነገር ሰውን ለምን እንዲህ ያወድመዋል? ሙሉ መልስ የለውም፤ ግን አንድ ፍንጭ ከአይጥ ተገኝቷል። ጤነኛ ጎልማሳ አይጥ ቫይረሱን ቢወስድ ምንም አይሆንም። ኢንተርፌሮን የሚባለውን፣ ቫይረስ ገባ ብሎ ሴሎችን የሚቀሰቅሰውን የማንቂያ ሥርዓት የሚያጣ ሆኖ የተወለደ አይጥ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ቫይረሱ የማንቂያ ደወሉ ፈጥኖ የሚደወልበትን ቤት አያሸንፍም፤ በሰው ውስጥ ግን ደወሉ እንዲዘገይ የማድረግ ብልሃት አለው። በ2024 የወጡ ጥናቶች ደግሞ ወደ ሴል የሚገባበትን አንድ በር አገኙ፤ ሴሎቻችን ኮሌስትሮልን ከደም የሚያስገቡበት በር ነው። ጉበት በዚህ በር የተሞላ ነው፤ በሽታውም ጉበትን ክፉኛ ይመታል።

ሲጀምር እንደ ማንኛውም ትኩሳት ነው፣ ግን ድንገት ነው። ሰውየው ጠዋት ሥራ ላይ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ይንቀጠቀጣል። ራሱን፣ ወገቡን፣ አንገቱን ያመዋል፤ ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል፤ ያስመልሰዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠባዩ ይለወጣል፤ ይቆጣል፣ ይወዛገባል፣ ከዚያ ይፈዝዛል። ቤተሰብ «የሱ ጠባይ አይደለም» ይላል። ከዚያ ላንቃው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ፣ መርፌ በተወጋበት ቦታ የማይቆም ደም፣ ከቆዳ ሥር እንደ ድብደባ ምልክት ሰፋፊ ጥቁረት፣ በትውከትና በሰገራ ደም። ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ይወድቃሉ፤ ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ስዋኔፑልና ባልደረቦቹ በ1989 እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ፕሌትሌቱ ከ20,000 በታች የወረደ ሰው ሕይወቱ ከፍተኛ አደጋ ላይ ነው። የሚሞት ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ይሞታል። የሚተርፍ ከዘጠነኛው ወይም ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ ይሻለዋል፤ ድካሙ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል።

መጀመሪያ ላይ ሐኪሙ የሚያየው ይህን ሁሉ አይደለም። የሚያየው ትኩሳት ያለበት፣ ሆዱን ያመመው ሰው ነው። በ1976 መጀመሪያ ራዋልፒንዲ፣ ፓኪስታን፣ ሆዱን ክፉኛ ያመመውና ደም የሚያስመልሰው ሰው ወደ ሆስፒታል መጣ። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተቀዷል ተብሎ ቢታሰብ አያስገርምም። ቀዶ ሐኪሙ ሆዱን ከፈተ። ቫይረሱ ከታማሚው ወደ ሠራተኞቹ ተሻገረ፤ ቀዶ ሐኪሙና አንድ የኦፕሬሽን ክፍል ረዳት ሞቱ። ታማሚው እረኛ ነበር።

«እረኛ» የምትለው ቃል የሕክምና መረጃ ነበረች። ምን እንደሚሠራ ተጠይቆ፣ ከብቶቹ ላይ መዥገር መኖሩ ተጠይቆ፣ ያ ሆድ ሳይከፈት አንድ ቀን ቢታደር ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም የምለው፤ ያኔ በሽታው በአገሪቱ የታወቀ አልነበረም። ዛሬ ግን ታውቋል፤ ጥያቄው ግን አሁንም ብዙ ቦታ አይጠየቅም።

በሽታው ወደ ሰው የሚገባው በመዥገር ንክሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ብዙ ጊዜ የሚገባው በእርድ ነው። ያቺ ቫይረሱ ደሟ ውስጥ የሚዘዋወርባት አንድ ሳምንት ከእርድ ቀን ጋር ስትገጥም፣ ቢላዋ የያዘው ሰው ጣት ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት በቂ ናት። በ1990 መካ ውስጥ ሰዎች ሲታመሙ የተደረሰበት መደምደሚያ፣ በጅዳ ወደብ ከሚገቡ የእርድ እንስሳት ጋር የመጡ መዥገሮች ነገሩን እንዳስገቡት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በዚያው በጅዳ በሥጋ ሻጮች ላይ ሌላ አዲስ ቫይረስ ተገኘ፤ አልኹርማ ይባላል፤ የሕንዱ የክያሳኑር ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። ይኸው ቫይረስ በኋላ ጅቡቲ ውስጥ ከከብት በተሰበሰቡ መዥገሮች ተገኝቷል። ከአፍሪካ ቀንድ በየዓመቱ በመርከብ ቀይ ባሕርን የሚሻገረውን በግ፣ ፍየልና ግመል ለሚያውቅ ሰው ይህ ካርታ ግልጽ ነው። በሳውዲና በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በቄራና በእረኝነት የተሰማሩ ወገኖቻችን የሚሠሩት በዚህ ካርታ መካከል ነው። ትኩሳት ሲይዛቸው ሐኪም ቤት ገብተው ሥራቸውን መናገር አለባቸው፤ ወረቀት የሌለው ሰው ሥራውን እንደሚደብቅ አውቃለሁ፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው።

ኢራቅ ምን ሊመጣ እንደሚችል አሳይታናለች። ከ2022 መጀመሪያ እስከ ሜይ 22 ድረስ ብቻ 212 ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ 27 ሞቱ። ግማሽ ያህሉ ከአንድ ደቡባዊ ክፍለ ሀገር፣ ከዚቃር ነበሩ። በኮቪድ ዓመታት የከብት መዥገር ርጭት ተዳክሞ ነበር፤ እርዱም በየደጁ ይካሄድ ነበር። ለአረፋ በዓል የሚታረደው በግ ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ለዓመታት ከሞቃቱ ወራት ጋር ሲገጥም የመዥገሩ ጊዜና የእርዱ ጊዜ ይደራረባሉ። ኢራቅን፣ ፓኪስታንን፣ አፍጋኒስታንንና ቱርክን ይህ ያሳስባቸዋል። በእኛም ዘንድ በገና፣ በፋሲካ፣ በአረፋ፣ በየሰፈሩ ቅርጫ፣ አራጁ ጓንት የለውም፣ ሽርጥም የለውም፤ ልጆች ጨጓራውን ለማጠብ ይሽቀዳደማሉ።

መከላከያው ይህን ካወቅን በኋላ እንግዳ አይሆንም። በጣም የሚያስተምረኝ የደቡብ አፍሪካ ምሳሌ ነው። በ1996 አውድትስሆርን በሚባለው አካባቢ ከሰጎን ቄራ ሠራተኞች መካከል 17 ሰዎች ታመሙ። ሰጎን ያሳምማል ብሎ ማን ጠረጠረ? ምላሹ ግን ሰጎን ማረድን መተው አልነበረም። ከእርድ 14 ቀን በፊት ወፎቹን ከመዥገር አጽድቶ፣ መዥገር በሌለበት ጉረኖ ማቆየት ሆነ። አሥራ አራት ቀን ለምን? ቫይረሱ በእንስሳ ደም ውስጥ የሚቆየው አንድ ሳምንት ያህል ስለሆነ፣ አዲስ መዥገር ካልነከሰው እንስሳው ወደ ቢላዋ ሲደርስ ደሙ ጠርቷል። እንስሳውን መፈወስ አያስፈልግም፤ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። ለቄራዎቻችንና ለወጪ ንግድ ማቆያዎቻችን ይህ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

በሰፊው የግጦሽ ምድር ግን መዥገርን በመድኃኒት ማጥፋት አይቻልም፤ ይቻላል የሚል ሰው አርብቶ አደሩን አላየም። ዲያዚኖንና አሚትራዝ ይረጫሉ፤ ያለ ልክ ሲረጩ መዥገሩ ይለምዳቸዋል፤ ጥንቸሉና ወፏ ደግሞ አይረጩም። ስለዚህ ሥራው ወደ እጅ ይመለሳል። መዥገር በጥፍር አይፈረጥም፤ ልጆችን ማስተማር የሚጀመረው ከዚህ ነው። ሰው ላይ የተጣበቀ መዥገር በጋዝ፣ በቅቤ ወይም በክብሪት አይነካም፤ ሲረበሽ ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ቁስሉ ይተፋል። በወረንጦ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳባል፣ ቦታው በሳሙና ይታጠባል፣ ቀኑ ይቆጠራል። ከንክሻ በኋላ ሕመሙ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ነው፣ ቢበዛ 9፤ ከደም ንክኪ በኋላ ግን 5 ወይም 6 ቀን፣ ቢበዛ 13። ሲታረድ ጓንት፣ ሲገፈፍ ጓንት። ሥጋው እንደ ደሙ አያስፈራም፤ ከእርድ በኋላ ሥጋ እያደረ ሲሄድ በሚፈጠረው አሲድ ቫይረሱ ይጠፋል፣ በማብሰልም ይሞታል። ገና ሙቀቱ ሳይለቀው በጥሬው የሚበላ ሥጋ ግን ይህን ጊዜ አላገኘም። ወተትም ይፈላ።

ታማሚን በጊዜ በማግኘት የምትጠቀሰው ቱርክ ናት። በ2002 ቶካት አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀባት፤ በኋላ በዓመት ከ1,000 በላይ ታማሚ የተመዘገበባቸው ዓመታት ነበሩ። የሞት መጠኑ ግን ወደ 5 በመቶ ነው። የገበሬው ሚስት እንኳ መዥገር ሲነክሳት ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ሐኪሙም ፕሌትሌት ይቆጥራል። ልዩ መድኃኒት ስላላቸው አይደለም፤ ማንም የለውም። ሪባቪሪን የሚባለው መድኃኒት ለዓመታት ተሰጥቷል፤ ሕይወት ማትረፉን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ ግን እስካሁን አልተገኘም። የሚያተርፈው ፈሳሽ መስጠት፣ ፕሌትሌትና ደም መተካት፣ ሰውየውን በጊዜ ማግኘት ነው። ቡልጋሪያ ከ1974 ጀምሮ ከአይጥ አንጎል የሚሠራ ክትባት ትጠቀማለች፤ በሌላ አገር ግን በሰፊው አልተሠራበትም። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2023 በሰው ላይ መሞከር የጀመረው አዲስ ክትባት ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያው በር ልመለስ። ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው ጣቱ ተወግቶ የወባ ምርመራ ይደረግለታል። ወባ ከሌለ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ይባላል፤ መድኃኒት ተሰጥቶት ይሄዳል። ካርዱ ላይ «ሥራ» የሚል መስመር አለ፤ ብዙ ጊዜ «ገበሬ» ተብሎ ይሞላል ወይም ባዶ ይተዋል። እዚያ መስመር ላይ የሚጨመሩት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከብት አርደሃል? መዥገር ነቅለሃል? ቆዳ ገፈሃል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ፕሌትሌቱም ከወረደ፣ ሐኪሙ ጓንት ደርቦ፣ የፊት መከለያና የጠብታ መከላከያ ጋውን ለብሶ ይቀጥላል። መርፌው ተመልሶ አይከደንም፤ እንደተነቀለ ስለታማ ማስቀመጫው ውስጥ ይገባል። ታማሚው ለብቻው ክፍል ይተኛል፤ የፈሰሰ ደም በበረኪና ይጸዳል። አስታማሚ እናትም ጓንት ይሰጣታል፤ ልብሱን ባዶ እጇን እንዳታጥብ ይነገራታል። የደም ናሙናው በሦስት ሽፋን ታሽጎ ለፒሲአር ምርመራ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይም የታማሚው ዕድሜ ከተጻፈ በኋላ፣ መንጋው የሚሰማራበት ቀበሌና መዥገር የለቀመበት ቀን ይጻፋል።